ባልና ሚስት አገር ሊያዩ ቢወጡ

የደቡብ ጎንደር ፎገራ ገበሬ ሚስቱን ይዞ፣ ታማሚ ሳይኖርበት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሳይኖረው፣ ለቅሶም ሠርግም ሳይጠራው፣ አንድ ከተማ አይቶ ለመመለስ ብቻ ከወረታ መናኸሪያ ሲሳፈር ማየት ብርቅ ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው መልሱን አፉ ላይ ይዞ ነው የሚጠብቀው፤ «ከየት አምጥቶ?» ይላል። በየስልኩ በሚዞሩት ቪዲዮዎች አንድ ባልና ሚስት ቶኪዮ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሺቡያን መሻገሪያ ከሕዝብ ጎርፍ ጋር ሲያቋርጡ፣ አሳኩሳ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ሲቆሙ፣ 634 ሜትር ከፍታ ካለው የስካይትሪ ማማ ላይ ሆነው ከተማዋን ቁልቁል ሲቃኙ የተመለከተ ወጣትም ያንኑ ይደግማል፤ «እነሱማ ሀብታም ናቸው።» ይህ መልስ ቀላል ስለሆነ ተለመደ እንጂ እውነት ሆኖ አይደለም። በእኔ እምነት የፎገራን ባልና ሚስት ከቤት ያስቀራቸው ከገንዘብ እጦት ይልቅ የፈቃድ እጦት ነው። ያለ ምክንያት መውጣት ነውር ሆኖ ይቆጠራል። ሚስት ደግሞ ምክንያት ብታገኝ እንኳ ቤቱን ለማን ትታ እንደምትወጣ ማንም አስቦላት አያውቅም።

የሩዙ ገንዘብ የት ገባ?

ፎገራ የትናንቱ ፎገራ አይደለም። የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ጥቁር መሬት ለጤፍ የማይመች ነበር፤ ሜዳው የሚታወቀው ስሙን በወረሱት የፎገራ ላሞች ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ ካስሞከሩ ወዲህ ግን ውሃ የተኛበት መሬት ሲሳይ ሆነ። ገበሬው «ኤክስ ጅግና» እያለ የሚጠራው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ጅግና ነው። ዛሬ ወረታ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት፤ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ ማለትም ጃይካ፣ ከማዕከሉ ጋር ሲሠራ ቆይቷል። ሩዙ ከማሳው ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ መስኖ የደረሰው ሽንኩርት ይተክላል። በአንድ ወቅት ከብት ብቻ ይሰማራበት የነበረ ሜዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ገንዘብ ማፍራት ችሏል።

ገንዘቡ የት እንደገባ ለማወቅ ምርመራ አያሻም፤ በዓይን ይታያል። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ። ወረታ ላይ ቦታ ገዝቶ ቤት የሠራ አለ፤ የሩዝ መፈልፈያ የተከለ አለ፤ ለልጁ ባጃጅ የገዛለት አለ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ የላቡን ዋጋ ነው ያየው። ከዚያ ቀጥሎ ግን ጥር ሲገባ ሠርጉ ይመጣል። ድንኳኑ፣ ሰንጋው፣ ቪዲዮ ቀራጩ፣ የአጃቢው መኪና በየዓመቱ እየጨመረ ሄዷል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ላለማነስ ይበደራል። በአንድ ሠርግ ከሚታረዱት ሰንጋዎች የአንዱ ዋጋ ብቻ ባልና ሚስትን ባሕር ዳር አድርሶ፣ አልጋ ይዞላቸው፣ ጣና ላይ አሳፍሮ፣ ጢስ ዓባይን አሳይቶ ይመልሳቸዋል። ሁለት ሰዎች ተጋቡ ተብሎ መንደሩ በሙሉ ሲበላና ሲጠጣ ይሰነብታል፤ የተጋቡት ሁለቱ ግን ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቀን አብረው ሳይወጡ ይኖራሉ።

ሁሉም ገበሬ ተረፈው እያልኩ አይደለም። የማዳበሪያ ዋጋ ወገቡን የሰበረው አለ፤ መሬት ያልደረሰው፣ በእኩል እያረሰ የሚኖር ወጣት አለ። ለእነዚህ ስለ ሽርሽር ማውራት ስድብ ይሆናል። ጥያቄዬ ስላለው ነው። ያለውም አይወጣም። ያለውና የሌለው በአንድ ነገር ከተመሳሰሉ ደግሞ ምክንያቱ መኖርና አለመኖር ሊሆን አይችልም።

ስም የሌለው መንገድ

ሕዝባችን መንገድ አያውቅም የሚል ካለ ይሳሳታል። መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ለመሳለም፣ ለገና ላሊበላ ለመድረስ ከፎገራ ሰው ይወጣል፤ ድሮ በእግሩ ስንቁን ይዞ፣ አሁን በአውቶቡስ። ከጉማራ ዳር ያለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ወገቡንና ጉልበቱን ያመመውን ሁሉ ሲቀበል ኖሯል። ነገር ግን እያንዳንዱ መንገድ ስም አለው፦ ስለት፣ ጠበል፣ ሕክምና፣ ክስ፣ ልጅ ማስመረቅ፣ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ መሸኘት። ስም የሌለው መንገድ የሥራ ፈት መንገድ ነው። «ምን ሊያደርጉ ሄዱ?» ለሚለው የጎረቤት ጥያቄ «ሊያዩ» የሚለው መልስ አይበቃም።

ውጤቱን አዲስ አበባ ላይ በቅርብ አይቼዋለሁ። ዘመዶቼ ከወረታ ተነስተው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው እኔ ዘንድ የሚያርፉት ለሕክምና ነው። አክስቴ የራጅ ፊልሙን በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው እንደያዙ፣ ባለቤታቸው ደግሞ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ፣ ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ። ምርመራው አልቆ፣ ሐኪሙ «ደህና ነዎት» ብሎ ባሰናበታቸው ምሽት፣ «እትዬ፣ አዲስ አበባን እንዴት አገኟት?» አልኳቸው። «ምኑን አይቼው ልጄ፤ ያየሁት የሆስፒታሉን ደረጃ ነው» አሉኝ። ነገ እንኳ ከተማውን ላሳያችሁ ብል ባለቤታቸው ፈጠን ብለው፣ «የመጣንበት ጉዳይ አለቀ፤ ከብቱ ሰው የለውም» አሉ፤ ትኬቱ ለማግስቱ ተቆርጧል። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በ2012 ዓ.ም የተከፈተውን አንድነት ፓርክ፣ ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ በታክሲ መስኮት እያዩ አልፈዋቸዋል። በዓድዋ ዘመቻ ስለነበሩት ቅድመ አያታቸው እየተረኩልኝ ያሳደጉኝ እኒሁ አክስቴ ናቸው። በመታሰቢያው ደጃፍ አልፈው ያልገቡት ገንዘብ አጥተው አይደለም። ያን ቀን የጎደላቸው፣ «ዛሬ ጉዳይ የለንም፤ ለማየት ነው የወጣነው» ብሎ ለመናገር የሚያበቃ ፈቃድ ነው።

ወደ ጃፓን የሄዱ ኢትዮጵያውያን ታሪክም እንዲሁ የምክንያት ታሪክ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም የተጓዙት በመልእክተኛነት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም የሄዱት ለመንግሥት ጉብኝት ነው። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም ቶኪዮ የገባው ለማራቶን ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ኅሩይ መልእክታቸውን አድርሰው ዝም አላሉም። የተመለከቱትን ሁሉ ይዘው መጥተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ። ጉዳይ መኖሩ ዓይናቸውን አልጋረደውም፤ እንዲያውም ጉዳያቸው ለማየት በር ከፈተላቸው።

«እነሱማ ሀብታም ናቸው» ለሚለው መልሱ ያለው እዚያው ጃፓን ነው። የጃፓን ተራ ሕዝብ አገሩን ማየት የጀመረው ሀብታም ከሆነ በኋላ አይደለም። ከ200 ዓመት በፊት፣ የሩዝ ግብር ጀርባውን ያጎበጠው የጃፓን ገበሬ ወደ ኢሴ ቤተ መቅደስ ለመሳለም ይሄድ ነበር። የዛሬዋ ቶኪዮ ያኔ ኤዶ ትባል ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ ኢሴ ለመድረስ በእግር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። የአንድ ገበሬ አቅም ይህን ስለማይችል መንደርተኛው ማኅበር መሥርቶ በየጊዜው ገንዘብ ያዋጣል፤ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የደረሳቸው ስለ ሁሉም ሆነው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም ለቀሩት ከቤተ መቅደሱ የበረከት ክታብ ይዘው ይመጣሉ። ይህን ለሚያነብ የፎገራ ሰው ዕቁብና ማኅበር ምን እንደሆኑ ማስረዳት አያስፈልግም። እነዚያ ገበሬዎች ኢሴ ከደረሱ በኋላም ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ መንገዳቸውን ወደ ኪዮቶና ኦሳካ አዙረው ገበያውን፣ ቲያትሩን፣ ድልድዩን አይተው ነው የተመለሱት። ጃፓን ከሀብቷ በፊት ጎብኚ ሕዝብ ነበራት።

ልማዱ ዛሬም አለ። ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በጃፓን ለጉዞና ለጉብኝት ከወጣው 28 ትሪሊዮን የን ገደማ ውስጥ የውጭ አገር እንግዶች ድርሻ 4.8 ትሪሊዮን ብቻ ነበር። ቀሪውን ያወጡት ራሳቸው ጃፓናውያን ናቸው። እኛ ዘንድ ጎብኚ ሲባል የሚታሰበው ፈረንጅ ነው፤ ፈረንጁ በወረርሽኝና በጦርነት ሲቀር ደግሞ የባሕር ዳር ጀልባ ታስሮ ይውላል፤ አስጎብኚውም ሥራ ይፈታል። የራሱ ሰው የማይጎበኘው አገር ክፉ ቀን ሲመጣ የሚይዘው የለውም።

እንጀራውን ማን ይጋግር?

ባልና ሚስት እያልን ስንናገር ሁለቱ እኩል ቤት የዋሉ ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። ባል ባሕር ዳርን ያውቀዋል። ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩዝ ሸጦ፣ ለሥልጠና ተጠርቶ፣ ለስብሰባ ተወክሎ፣ መለዋወጫ ሊገዛ ሄዶ አይቶታል። የዓባይን ድልድይ ተሻግሯል፤ ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ በልቷል። ሚስት ግን ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ያለፈ መንገድ የላትም። ላሟን ጠዋትና ማታ የምታልብ እሷ ናት። ሩዝ ሲታጨድና ሲወቃ ለደቦው እንጀራና ጠላ የምታቀርብ እሷ ናት። ሩዙ ገብቶ ባል እፎይ በሚልበት በጥር ወር ደግሞ የሠርጉን ጌሾ የምትወቅጥ፣ ጥንስሱን የምትጥል፣ በርበሬውን የምታስፈጭ እሷ ናት። ስለዚህ «እረፍት» የሚባለው ወር ለሁለቱ በአንድ ጊዜ አይመጣም። አብረው የማይወጡበት ሌላው ዋና ምክንያት ይህ ነው፤ ማንም ሲናገረው ግን አልሰማሁም።

ይህን ለማሰብ ሩቅ መሄድ የለብንም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደተጓዙ፣ እዚያው ፎገራ ውስጥ፣ አውራምባ አለ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ የወንድ ሥራና የሴት ሥራ የሚባል ልዩነትን የሻረ ነው። እዚያ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፤ በሽመና ቤቱ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በደርግ መጨረሻ ዓመታት መሬታቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደው ተመልሰዋል። ያን የቤት አያያዝ ለማየት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ፤ ከወረታ ግን በባጃጅና በሚኒባስ የሚደረስበትን መንደር አንድ ጊዜ ያላየ ባለትዳር ሞልቷል። እምነታቸው ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ነውና በዚህ ከእነሱ ጋር የማይስማማ ሰው አለመስማማት መብቱ ነው፤ እኔም ብዙው ጎረቤት በጥርጣሬ ያያቸው በዚህ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁንና ባል ምጣድ ላይ ሲቀመጥ ሰማይ እንደማይደፋ ለማየት እምነት መለወጥ አያስፈልግም። ባልና ሚስት አብረው ሄደው ቢያዩት፣ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ የሚያወሩት ብዙ ይኖራቸዋል።

በጃፓንም የሴት መንገድ የተከፈተው ዘግይቶ ነው። በዚያው በኤዶ ዘመን ሴት ኬላ ለማለፍ ልዩ የይለፍ ወረቀት ትጠየቅ ነበር፤ በሐኮኔ ኬላ ፍተሻው ከወንዱ ይልቅ በእሷ ላይ ይጠብቅ ነበር። የፉጂ ተራራን እስከ ጫፉ መውጣትም እ.ኤ.አ. እስከ 1872 ለሴት አልተፈቀደም። ዛሬ በቪዲዮው የምናያት እጅ ለእጅ ተያይዛ የምትሄደው የቶኪዮ ሚስት ከባህሏ ጋር የተወለደች አይደለችም፤ በሩ የተከፈተላት ቀስ በቀስ ነው።

የእኛ ጣናም የራሱ ደንብ አለው። የደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። የገዳም ሥርዓት ነውና ሊከበር ይገባል። ግን ጀልባ አከራዩ ይህን ቀድሞ ካልተናገረ ሚስት ወደቡ ላይ ተቀምጣ ባሏን ስትጠብቅ ትውላለች፤ አብረው የወጡበት ቀን ለሁለት ይከፈላል። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሁለቱም ይገባሉ፤ መቅደሱን የከበቡትን ሥዕሎች አብረው ያያሉ። ደቅ ደሴት ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። አንዲት ሴት ከ250 ዓመት በላይ በፊት ሐይቅ መካከል ያቆመችውን ቤተ ክርስቲያን የፎገራ ሴት ከማዶ ሆና እየሰማች ብቻ መኖር የለባትም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን

ከመቃወሚያዎቹ ሁሉ የምቀበለው አንዱን ነው፤ የደኅንነቱን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀጣጠለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ተሳፋሪ የሚታገትበት፣ ሰው ለቀብር እንኳ መድረስ የሚቸገርበት ዘመን አምጥቷል። በዚህ ሁኔታ ማንንም «ተነሥና አገር እይ» አልልም፤ ነፍስ ከሽርሽር ትበልጣለች። ነገር ግን ግጭቱ ለጥያቄያችን መልስ ሊሆን አይችልም። ከወረታ ጎንደር፣ ከወረታ ደብረ ታቦር ሌሊት ሳይቀር በሰላም ይኬድ በነበረበት ዘመንም ባልና ሚስት አብረው አልወጡም። መንገዱ ሲከፈት የሚወጡት ከወዲሁ ያሰቡበት ናቸው።

«ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» ለሚለው ግን እጅ አልሰጥም። ከወረታ በጎንደር መንገድ ላይ፣ እንፍራንዝ አቅራቢያ፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ጣናን ቁልቁል እያየ ቆሟል። የጎንደር ነገሥታት ከከተማቸው ወጥተው የሚሰነብቱበት አሪንጎም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ነው። ቦታ መለወጥ፣ ሐይቅ ማየት፣ አየር መቀበል በዚህ ምድር የቆየ ነገር ነው፤ ያልነበረው የገበሬው ድርሻ ነው። «ዓመቱን ሙሉ ሜዳና ሐይቅ እያየ የሚውል ሰው ምን ሊያይ ይወጣል?» የሚሉም አሉ። ሰው አጠገቡ ያለውን ለማየትም ቢሆን ከሥራው ቀና ማለት አለበት። ጣናና አካባቢው በሰኔ 2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው በከንቱ አይደለም። በበጋ ወራት ከሰሜን አውሮፓ ድረስ የሚበርሩ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ወላላና ሸሸር ረግረግ ላይ በመንጋ ያርፋሉ። የእኛ ገበሬ የሚያውቃቸው እህል እንዳይበሉበት ሲያባርራቸው ነው፤ ከሚስቱ ጋር ቆሞ አላያቸውም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። የባልና ሚስት የጉብኝት ወጪ ከተዝካሩና ከሠርጉ ጎን በቤት ወጪ ሊቆጠር ይገባል፤ ባይሆን ከድግሱ ላይ ሊቀነስ ይገባል። መነሻው ቅርብ ይሁን፤ አንድ ቀን አውራምባ፣ አንድ አዳር ባሕር ዳር። ጢስ ዓባይን ማየት የፈለገ ከክረምቱ መውጫ እስከ ኅዳር ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ይቀንሳል። ሩዙን ሰብስቦ የጨረሰ ደግሞ ለጥር 11 ጎንደር ይድረስ፤ ጥምቀት ስለሆነ ለጎረቤት የሚነገር ምክንያትም አለው። ባል ከመነሳቱ በፊት ላሟን ማን እንደሚያልብ፣ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ መልስ የሚፈልገው እሱ ይሁን፤ ያን ለሚስቱ የተወ ሰው ጉዞውን እንደከለከላት ይቁጠረው። የዕቁብ ሰብሳቢዎች በዓመት አንዱን ዕጣ ለባልና ሚስት ጉዞ ቢያደርጉት የሚከለክላቸው ደንብ የለም። የባሕር ዳርና የጎንደር ሆቴሎችና ጀልባ አከራዮችም የዋጋ ዝርዝራቸውን በአማርኛ ይለጥፉ፤ ጋቢ የለበሰ እንግዳ ሲመጣ «ማንን ፈልገው ነው?» ብለው አይጠይቁ።

ለአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ አደራ አለኝ። አባትና እናታችሁን ለሕክምና ስታመጧቸው አንድ ቀን ጨምሩላቸው፤ የመመለሻ ትኬታቸውንም ለማግስቱ አትቁረጡ።